ሞራካ የሚያደርስ ጎማ

ቅዳሜ ጠዋት ጎራታ እንደ ወትሮዋ ከባሏ ቀድማ ተነሣች። በሞጎዲትሻኔ ሰፈር እንደሚደረገው ግቢውን አንዲት ቅጠል ሳታስቀር ጠረገች። ከዚያ የማሽላ ገንፎውን ከእሳት አወረደች፤ ባሏ ሞአቢ ባለፈው ሳምንት ከሞራካው፣ ከሩቁ የከብት ማሰማሪያቸው ይዞላት የመጣውን እርጎ ከማቀዝቀዣ አውጥታ በገንፎው ላይ አፈሰሰች። ከፊሉን ለልጇ ለዋሜ ወሰደችላት። ዋሜ አራስ ናት፤ ከሕፃኗ ጋር በኋለኛው ክፍል ከተዘጋች ወራት ሆኗታል። ሬዲዮው ያረፉ ሰዎችን ስም ያነባል። የሚያውቁት ሰው ስላልነበረበት ድምፁን ቀነሰችው።

ሞአቢ ከውጭ ጠራት። ጥቁሩ መኪና ሥር፣ ከፊት ጎማው አጠገብ ተንበርክኮ ነበር።

«የዋሜ እናት፣ ነይማ እዪው። በውስጥ በኩል ሙልጭ ብሎ አልቋል። ሽቦው ሊወጣ ነው።»

«ከውጭ ግን ደህና ይመስላል።»

«ከውጭማ እኔም ደህና እመስላለሁ» አለና ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ተነሣ። ጎራታ ሳቀች።

መኪናው ሁለት ቶን ተኩል ይመዝናል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው፤ ሞአቢ ሲያስነሣው የጎረቤት ውሾች ይጮኻሉ። እንደ ቤት የከበደ፣ ነገር ግን የእሽቅድምድም ልብ ያለው መኪና ነው፤ ጎማውን ቶሎ የሚበላውም ለዚሁ ነው። የገዛው ከሁለት ዓመት በፊት፣ የማዕድን ኩባንያው ለረጅም ዘመን አገልግሎቱ በሰጠው ገንዘብ እንደሆነ ነግሯት ነበር። አሮጌው ፒካፕ በዚያው ወር ተሸጠ።

ከዚያ ወዲህ ጎራታ ሞራካ ሄዳ አታውቅም። ከሌትላኬንግ መንደር ወዲያ መንገዱ ጥልቅ አሸዋ ነው። የዚህ መኪና ጎማ ደግሞ ሰፊ ቢሆንም ቁመት የለውም፤ ቸርኬው ትልቅ፣ ላስቲኩ ስስ። ገና እንደተገዛ ሞአቢ አንድ ጊዜ ብቻውን ሞክሮ፣ ቸርኬው የዛፍ ሥር መትቶ ተጣመመብኝ ብሎ ከመንገድ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በየወሩ በጓደኛው ፒካፕ የሚሄደው ሞአቢ ብቻ ሆነ። ጋቢናው ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ሲመለስ እርጎና ወሬ ያመጣላታል። ቀይዋ ወለደች፣ ኮርማው አጥር ጣሰ፣ ዝናብ ዘገየ።

ቀይዋ የሚሏት የዘር ላም ናት። ጎራታ የተወለደች ጊዜ አባቷ አንዲት ቀይ ጊደር ሰጣት፤ በሞራካው ያሉት ከብቶቿ ሁሉ የዚያች ጊደር ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ለዋሜም ከዚያው ዘር ተሰጥቷት ነበር። በሚመጣው ቅዳሜ ዋሜ ሕፃኗን ታቅፋ ከአራስ ቤት ትወጣለች፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ለሕፃኗ ጊደር የምትሰጠው አያቷ ጎራታ ናት። በእነ ጎራታ ቤት ደግሞ ሰጪው ጊደሯን በገዛ እጁ መርጦ፣ ጀርባዋን ዳብሶ ነው የሚሰጠው። በሌላ ሰው የተመረጠች ጊደር እንደ ስጦታ አትቆጠርም።

«እንኳንም አለቀ» አለች ጎማውን በጫማዋ ነካ አድርጋ። «ቸርኬውን ሃያ ኢንች አድርገን ሆዱ ከፍ ያለ ጎማ እናስገባለት። አሸዋው ጋ ስንደርስ ንፋስ ቀንሰን እንገባለን። ጊደሯን ራሴ መርጬ እመለሳለሁ።»

ሞአቢ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

«አይሆንም፣ የዋሜ እናት። ይሄ እንደ ፒካፑ አይደለም። አንደኛ ነገር የፊቱ ፍሬን ትልቅ ነው፤ ከሃያ አንድ ያነሰ ቸርኬ አያስገባም። ቢያስገባም የፊቱና የኋላው ጎማ ዙር ተዛብቶ ካምቢዮውን ይበላዋል። ደግሞ ይሄን ክብደት የሚሸከም ጎማ በሃያ አይሠራም።»

«በዓለም ላይ አይሠራም?»

«በዓለም ላይማ ምን የማይሠራ አለ? እዚህ አይገኝም ማለቴ ነው።» ትከሻዋን ያዘት። «አታስቢ። ሐሙስ እሄዳለሁ። የቀይዋን ልጅ እኔ ለይቼ አመጣልሻለሁ።»

ጎራታ የሒሳብ መምህርት ናት። ይህን የነገራት ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እርሳስ አንሥታ ታሰላው ነበር። የባሏን ቃል ግን አስልታ አታውቅም። ስለ ፍሬንና ስለ ካምቢዮ እሱ ያውቃል፣ ስለ ክፍልፋይ እሷ ታውቃለች፤ ትዳራቸው እንዲህ ተከፋፍሎ የኖረ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከበር ሆኖ ጡሩንባ ነፋ። ሞአቢ ፍራንሲስታውን ከተማ ስብሰባ ነበረው።

«ለጎማ ሠሪው ለሞዲሪ ደውዬለታለሁ። አራቱንም አዘጋጅቷል። ሃያ አንድ። የተባለውን ብቻ ያስገባልሽ፤ ሌላ ወሬ አያስፈልግም። ነገ እመጣለሁ።»

ሞዲሪ የጎማ ሥራውን የሚሠራው በሞሌፖሎሌ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው። ከአጠገቡ አንዲት ሴት ማግዊኛ የሚሉትን የሊጥ ኳስ በዘይት ትጠብሳለች፤ የዘይቱና የላስቲኩ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። ጎራታ ስትገባ ሞዲሪ ክሪኩን ጥሎ ቆቡን አወለቀ። ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረችው እሷ ነበረች።

«ቲቸር! እንኳን ደህና መጡ። ዛሬ ፈተና የለም አይደል?»

«ቢኖር ዛሬም ትወድቅ ነበር።»

«እሱስ እውነት ነው» አለ እየሳቀ። አራት አዳዲስ ጎማዎች ለብቻ ተደርድረዋል፤ ሰፋፊ፣ ስስ፣ ለአስፋልት የተሠሩ። ጎራታ አየቻቸውና እንዲያው ለመጠየቅ ያህል፣

«ሃያ ማድረግ አይቻልም ነበር ሞዲሪ?» አለችው።

ሞዲሪ አንገቱን ደፋ። «አይሆንም ቲቸር። አንደኛ ነገር የፊቱ ፍሬን ትልቅ ነው፤ ከሃያ አንድ ያነሰ ቸርኬ አያስገባም። ቢያስገባም ዙሩ ተዛብቶ ካምቢዮውን ይበላዋል። ደግሞ ይሄን ክብደት የሚሸከም ጎማ በሃያ አይሠራም።»

ጎራታ ሁለት የፈተና ወረቀት ሲመሳሰል ወዲያው ይገባታል። መልሱ አንድ መሆኑ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ትክክለኛ መልስ አንድ ነውና። ቃሉ አንድ ሲሆን ግን አንዱ ከሌላው ገልብጧል። «አንደኛ ነገር» ብሎ ጀምሮ ሁለተኛ የሚል ቃል አለማስከተል የሞአቢ ጠባይ ነበር።

ይህን እያሰበች ሳለ አንድ መኪና አቧራ አስነሥቶ ዳሱ ሥር ገባ። የእነሱው ዓይነት ነው፤ ያው ሞዴል፣ ያው ባለ ስምንት፣ ነጭ ሲሆን እስከ መስኮቱ አሸዋ ለብሷል። አንዲት ወፍራም አሮጊት ወረደች።

«ሞዲሪ! የኋላ ቀኙን እሾኽ ወግቶታል፣ ፍጠን! ኋላ ጥጃ ጭኛለሁ።»

«ማ ሴቦኒ፣ በዚህ መኪና ጥጃ?»

«ታዲያ በአውሮፕላን ልጫናት? ወንበሩ ቆዳ አይደል፤ ዘመዷ ነው፣ ይስማማታል።»

ማግዊኛ ጠባሿ ሳይቀር ሳቀች። ጎራታ ግን ወደ ነጩ መኪና ጎማ ጎንበስ ብላ በጎኑ ያለውን ቁጥር በአውራ ጣቷ ጠረገችና አነበበች። ፊት 275/45/20፤ ኋላ 305/40/20። ስፋቱን በመቶኛው አባዝታ፣ እጥፍ አድርጋ፣ የቸርኬውን ኢንች ወደ ሚሊሜትር ለውጣ ደመረች። ለዚህ እርሳስ አላስፈለጋትም። ከዚያ የራሷን መኪና ቁጥሮች እንዲሁ አሰላች። የፊቱ ልዩነት ከትንሿ ጣቷ ውፍረት አይደርስም፤ የኋላው ደግሞ ከአንድ ሳንቲም ውፍረት ብዙ አይበልጥም። የጭነት ቁጥሩን አየች፤ አንዱ ጎማ ከአንድ ቶን በላይ ይሸከማል። ጣቷን በቸርኬውና በፍሬኑ መካከል አስገባች። ገባላት።

«ከየት መጡ እማማ?» አለች ቀና ብላ።

«ከጋንዚ በረሃ ነዋ። ይሄ ልጅ ነው ያስገባልኝ። ካላሃሪን እንደ ሳሎን እሄድበታለሁ።»

«ሞዲሪ፣ ና ወዲህ።»

ድምፅዋ የክፍል ድምፅ ነበር። ሞዲሪ መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጎማ ነው፣ ቲቸር።»

«ተመስገን፣ አወቀው!» አለች ማ ሴቦኒ።

«የእሳቸው ፍሬን ከእኔ ይለያል?»

«...አይለይም።»

«ካምቢዮአቸው ተበልቷል?»

«አልተበላም።»

«እንግዲያው የአንተና የዋሜ አባት መልስ አንድ ነው፤ ቃሉ ሳይቀር። ማን ከማን ገለበጠ?»

ሞዲሪ ቆቡን በእጁ ያዞር ጀመር። «ትናንት ደወሉልኝ። ከጠየቀችህ እንዲህ በላት አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ ቲቸር፤ ባል ነው ብዬ... ወጪ እንዳይበዛባቸው መሰለኝ።»

«ሃያው አይረክስም?»

«ይረክሳል» አለ ሞዲሪ፤ ሲመልስ ነው ነገሩ ለራሱም የከበደው።

ማ ሴቦኒ ሳቋን አቆመች። ጎራታን ትኩር ብላ አየቻት።

«ልጄ፣ ባልሽ አሸዋ ይፈራል?»

«አሸዋ ላይ ነው ያደገው።»

«እንግዲያስ አንቺ እንዳትገቢበት ነው የሚፈራው» አለችና ጥጃዋን ለማየት ሄደች።

ሞዲሪ፣ ለመኪናው ከዚያ የበለጠ ትልቅ ቸርኬ ያማረው አንድ ጎረምሳ ጥሎለት የሄደ አራት የሃያ ኢንች ቸርኬ ነበረው። ሳትጠይቀው አወጣው። ሆዳቸው ከፍ ያሉ የሃያ ጎማዎች አስገባበት፣ ባላንስ ሠራ፣ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ፤ ከዚያ ሁሉ ጊዜ ቀና ብሎ አላያትም። ስትወጣ «ቲቸር፣ ይቅርታ» አላት። «ንፋሱን ስንት አደረግኸው?» አለችው።

ወደ ቤት አልተመለሰችም። ለዋሜ ደውላ ሥራ እንዳለባት ነገረቻት፤ ጎረቤት ምሳ እንድታደርስላትም ለመነች። ሌትላኬንግ አልፋ አስፋልቱ ሲያልቅ ወርዳ አባቷ እንዳስተማራት የአራቱንም ጎማ ንፋስ አስተነፈሰች፤ ላስቲኩ መሬቱ ላይ ጠፍጠፍ እስኪል። ከዚያ ያ ሁሉ ክብደት እንደ ጀልባ አሸዋው ላይ መንሳፈፍ ጀመረ።

መንገዱን ስታየው ደስ አላት። ይህ መካድ የለበትም። የግራሩ እሾኽ የመኪናውን ጎን ሲጭረው፣ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ብላ አሰበች፤ ቀለሙ እንዳይጫር ሰስቶ ይሆናል። ወንድ ልጅ ለመኪና ይሰስታል። ለዚህ ብሎ ዋሽቷት ከሆነ ትስቅበታለች፤ በዘመድ ፊትም ታወራበታለች። መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ ይህን ስትል ሄደች።

ሞራካው ጸጥ ብሏል። የከብት ጠባቂው ባትላንግ ከአባቷ ዘመን ጀምሮ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ጎራታን በልጅነቷ አህያ ላይ ያስቀምጣት ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ከጎጆው ወጣ፤ ስትወርድ አይቶ ሁለት እጁን አጨበጨበ።

«የዋሜ እናት! ዛሬ ምን አመጣሽ? ፍየሎቹን ልታዪ ነው?»

«ከብቶቹ የት ተሰማሩ፣ አባባ ባትላንግ?»

ሽማግሌው እሷን አየ፣ መኪናውን አየ።

«ከብቶቹ?»

«ጊደር ልመርጥ ነው የመጣሁት። ለሕፃኗ።»

«ከብቶቹማ ሄዱ እኮ ልጄ። በትልቁ የጭነት መኪና። አሮጌው ፒካፕ የተሸጠ ጊዜ ነው፤ አልነገረሽም የዋሜ አባት?»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ቀይዋስ?»

ባትላንግ ወደ መሬት አየ። «ቀይዋ መጨረሻ ላይ ነው የወጣችው። አልወጣም ብላ ቆመች። እኔ ነኝ ከኋላ የገፋኋት። አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነበር።»

«ባለፈው ሳምንት እርጎ ልከውልኛል።»

«እኔ? ከምኑ አልቤ?» አለ ሽማግሌው። «እሱም ቢሆን ከዚያ ወዲህ እዚህ አልደረሰም። ደሞዜን በስልክ ይልካል፤ ለፍየሎቹ ብሎ።»

ጎራታ ወደ በረቱ ሄደች። የእሾኽ አጥሩ እንዳለ ነበር። በውስጡ ግን ሣር በቅሏል፤ ከብት የሚያድርበት መሬት ሣር አያበቅልም። ከበሩ ግንድ ላይ የከብት መተኮሻው ብረት ተንጠልጥሎ ዝጓል። በጫፉ ያለው ምልክት የሞአቢ ነው።

የተጋቡ ጊዜ አጎቷ ጠርቶ መክሯት ነበር። «የአባትሽን ምልክት አትተዪ። ከብት ባለቤቱን የሚናገረው በተተኮሰበት ምልክት ነው» አላት። እሷ ግን ሁለት ምልክት በአንድ በረት ማየት፣ ገና ሳይኖሩ መለያየትን ማሰብ መስሎ ታያት። ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ከአባቷ ያገኘቻቸውን ከብቶች ሁሉ በባሏ ምልክት አስተኮሰች። የመተኮሻው ጢስ ዓይኗን ሲያቃጥላት ሞአቢ መሐረቡን እንደሰጣት ታስታውሳለች።

ባትላንግ ሻይ አፈላላት። እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ጠጣች። ስለ ጉልበቱ ሕመም ጠየቀችው፤ እሱም ስለ ሕፃኗ ጠየቃት። ከዚያ ተነሥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በነጋታው ሞአቢ ሲመለስ መጀመሪያ ያየው ጎማዎቹን ነው። ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ። ጎራታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር።

«አሸዋ ይዟል» አለ።

«ይዟል።»

ጎንበስ ብሎ ጎማውን ነካ አደረገና፣ «ባትላንግ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ጉልበቱን ያመዋል።»

ሞአቢ ቦርሳውን አስቀምጦ ከደረጃው ላይ ከሷ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። «ልነግርሽ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ስተካቸው። ድርቁ ሲያልፍ እተካለሁ ብዬ ነው። ኩባንያው የሰጠኝ አልበቃም። የተሾምኩ ጊዜ፣ የዋሜ እናት፣ ሌሎቹ በምን እንደሚመጡ ብታዪ... እኔ በዚያ በሚያጨስ ፒካፕ። ጥበቃው እንኳ ከኋላ አቁም ይለኝ ነበር።»

«ስለዚህ በላሞቼ ሄድክ።»

«እንዲህ አትበዪው።»

«እርጎው የማነው?»

«ሞሌፖሎሌ ላይ መንገድ ዳር ከምትሸጥ ሴት።»

«‘ቀይዋ ዘንድሮ ደህና ታልባለች’ ብለህ ሰጠኸኝ። ለዋሜ አራስ ናት ብዬ አብልጬ ሰጠኋት።»

ሞአቢ ፊቱን በእጁ አሸት አደረገ። «ሐሙስ ጊደር አመጣ ነበር። ቀይ ናት፤ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ማንም አይለያትም።»

«እኔስ?»

ጎራታ አንድ ጠጠር ከምስሩ ለይታ ጣለች። ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ካምቢዮው፣ ስለ ጭነቱ ትጠይቀው ይሆን ብሎ የጠበቀ ይመስላል፤ አልጠየቀችውም። ሁለተኛ ጠጠር ስትጥል ሞአቢ፣

«ደግሞስ ምልክቱ የኔ ነው» አለ።

ጮክ ብሎ አልተናገረውም። ሲያስበው የቆየ ነገር እንደሆነ ግን ከድምፁ ታወቀ፤ የዚያን ቀንም፣ ላሞቹ ሲጫኑ፣ ለራሱ ይህንኑ ሳይል አልቀረም። ጎራታ ምስሩን ይዛ ወደ ቤት ገባች።

በቅዳሜው ዘመድ ተሰበሰበ። ሥጋ ተቀቅሎ ተወቀጠ፤ ዋሜ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች፤ እልል ተባለ። የሞአቢ ታላቅ እኅት፣ ነገር በአደባባይ መጠየቅ የምትወደው፣ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣

«እስቲ የአያት ስጦታ ትምጣ! ጊደሯ የታለች? ወይስ ሆቴል አድራ ነው የምትመጣው?» አለች።

ሰው ሳቀ። ሞአቢ ከወንዶቹ መካከል ሆኖ ጎራታን አያት። እንድትሸፍንለት የሚጠብቅ ዓይን ነበር፤ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ስትሸፍንለት የኖረች ናትና፣ አሁንም አልተጠራጠረም። ቀይዋ ጊደር አጥር ጥግ ታስራ ቆማለች፤ ሐሙስ ያመጣት ናት። ጎራታ ወደ እሷ አልሄደችም፤ ጀርባዋንም አልዳበሰችም።

«ያቺ የማን እንደሆነች አላውቅም» አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ። «የእኔ ከብቶች ተሽጠዋል። ለሕፃኗ የምሰጠው ጊደር የለኝም።»

ሳቁ ቆመ። ዋሜ አባቷን አየች። ሞአቢ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን አቧራ ያይ ነበር። ከዚያ አንዲት አክስት ሕፃኗን ከዋሜ ተቀብላ መዝፈን ጀመረች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት፤ ድግሱ ቀጠለ።

ከጎራታ አባት ጊደር የተወለደ ከብት አሁን በሞራካው በረት አንድም የለም።